አሳማውን የማያሳምመው ቫይረስ

አንድ የ6 ወር አሳማ ወደ ቄራ ገባ እንበል። ጤነኛ ነው። በደንብ በልቷል፣ ክብደቱ ጥሩ ነው፣ ትኩሳት ይዞት አያውቅም። ከታረደ በኋላ የሥጋ መርማሪው ጉበቱን አገላብጦ ያያል። ቀለሙ ትክክል ነው። እባጭ የለውም፣ ትል የለውም። ማኅተም ተመትቶበት ያልፋል። መርማሪው ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል። ያም ሆኖ በዚያ ጉበት ውስጥ ሰውን የሚያሳምም የሄፓታይተስ ኢ ቫይረስ ሊኖር ይችላል። በዓይን አይታይም፣ ሽታ የለውም፣ ጉበቱ ላይም ይህ ነው የሚባል ምልክት አይተውም።

የዚህ በሽታ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደ አፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ያለ በሽታ ሲገባ መንጋ ያልቃል። አርቢው ይጮኻል፣ መንግሥት ይሯሯጣል፣ ንግድ ይታገዳል። ሄፓታይተስ ኢ ግን አሳማውን አይገድልም፣ አያከሳም። ስለዚህ አርቢው በእሱ ሰበብ የሚከስረው ነገር የለም። ከእርባታው እንዲያስወጣው የሚገፋፋው ምክንያትም የለም። ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ፣ ሌላ ቦታ፣ አሳማውን አይቶት በማያውቅ ሰው ጉበት ላይ ነው።

ዓለም ይህን ቫይረስ ያወቀው ከአሳማ ጋር አያይዞ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ የቆሸሸ ውሃ በሽታ ብቻ ተደርጎ ነው የታየው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 እና 1956 በዴልሂ ከተማ የያሙና ወንዝ ውሃ በፍሳሽ ተበከለ። ወደ 29,000 የሚጠጉ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ያኔ ሄፓታይተስ ኤ ነው ተብሎ ታለፈ። በ1978 ደግሞ በካሽሚር ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተነሣ። መሐመድ ኩሩ የተባለ ሐኪም በሽታው ነፍሰ ጡሮችን በተለየ ሁኔታ እንደሚጎዳ አስተዋለ። ከሚታወቁት የጉበት ቫይረሶች የተለየ ነገር ነው ብሎም ጠረጠረ።

ጥርጣሬውን ያረጋገጠው መንገድ ዛሬ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም። የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪው ሚካሂል ባላያን፣ አፍጋኒስታን ውስጥ ከታመሙ ወታደሮች ዓይነ ምድር የተዘጋጀ ፈሳሽ ራሱ ጠጣ። ታመመ። ከዚያም ከገዛ ዓይነ ምድሩ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለይቶ አየው። ይህ ሥራ በ1983 ታተመ።

ከዚያ በኋላ የሐኪሞች አስተሳሰብ አንድ አቅጣጫ ያዘ። ሄፓታይተስ ኢ ማለት የውሃ አቅርቦቱ ደካማ የሆነ ሀገር በሽታ ማለት ነበር። ውሃው ንጹሕ በሆነበት ሀገር አንድ ሰው ከታመመ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ሄደህ ነበር?» ነው። «የትም አልሄድኩም» ሲል ምርመራው ይቆማል፣ ወይም ጉዳዩ በሌላ ምክንያት ይመካኛል።

ነገሩ የተገለበጠው በ1997 ነው። ሺያንግ ጂን መንግ እና ባልደረቦቹ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች አሳማዎችን መረመሩ። ብዙዎቹ የሄፓታይተስ ኢ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ነገር፣ በደማቸው ነበራቸው። ቀጥሎ ቫይረሱን ራሱን አገኙ። በዚያው ሰሞን ከሀገሩ ያልወጣ አንድ አሜሪካዊ ሄፓታይተስ ኢ ይይዘዋል። የእሱ ቫይረስ ሲፈተሽ ከእስያ ሕሙማን ይልቅ ለአሜሪካ አሳማዎች የቀረበ ሆኖ ተገኘ። በ1998 የአሳማው ቫይረስ ለዝንጀሮ ዝርያዎች ሲሰጥ ያዛቸው። ከሰው የተገኘ ቫይረስም ለአሳማ ሲሰጥ ያዘው። በሁለቱም አቅጣጫ መሻገር እንደሚችል ታወቀ ማለት ነው።

ዛሬ ሥዕሉ ግልጽ ነው። ሰውን በብዛት የሚያጠቁት የቫይረሱ ዓይነቶች 4 ናቸው። 1ኛው እና 2ኛው የሰው ብቻ ናቸው። በተበከለ ውሃ ይዛመታሉ፣ ትልልቆቹን ወረርሽኞች የሚያስነሡትም እነሱ ናቸው። 3ኛው እና 4ኛው ግን የእንስሳት ናቸው፤ ዋና ቤታቸው አሳማ ነው፣ የዱር አሳማና አጋዘንም ይይዛሉ። ሰው ለእነሱ የመንገድ ዳር እንግዳ ነው። ከእነዚህ ሌላ አልፎ አልፎ የሚታዩ አሉ። በግመል ላይ የሚገኘው ዓይነት የጉበት ንቅለ ተከላ ያደረገን ሰው እንደያዘ በ2016 ተዘግቧል። የአይጥ ዓይነት የሚባለው ደግሞ በ2018 ሆንግ ኮንግ ውስጥ እንዲሁ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ላይ ተገኝቷል። ዋናው ጉዳያችን ግን አሳማው ነው።

አሳማው ውስጥ የሚሆነውን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ መፍትሔውም እዚያው ነውና። ግልገሉ ሲወለድ ከእናቱ እንገር ፀረ እንግዳ አካል ያገኛል። ይህ ጥበቃ የሚቆየው 2 ወር ገደማ ነው። ልክ እሱ በሚያልቅበት ጊዜ ከየእናቶቻቸው የተለዩ ግልገሎች ከሌሎች ግልገሎች ጋር ተቀላቅለው በአንድ ጉረኖ ይቀመጣሉ። አንዱ ቫይረሱን በዓይነ ምድሩ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከወለሉ ይልሱታል። አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ይያዛሉ። ቫይረሱ በደማቸው የሚቆየው 1 ወይም 2 ሳምንት ነው። በዓይነ ምድር የሚወጣው ግን ከ3 እስከ 7 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ ሰውነታቸው ያጠፋዋል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ልብ በሉ። በትልልቅ እርባታዎች አሳማ የሚታረደው በ6 ወሩ ገደማ ነው። በ3 ወሩ ከተያዘ እስከ እርዱ ቀን ነጽቷል። በ5 ወሩ ከተያዘ ግን ቫይረሱን ይዞ ቄራ ይደርሳል። ስለዚህ ለተመጋቢው ወሳኙ ነገር አሳማው ተይዞ ያውቃል ወይ የሚለው ሳይሆን መቼ ተያዘ የሚለው ነው። በ2013 ብሪታንያ ውስጥ በእርድ ሰዓት በተደረገ ጥናት ከአሳማዎቹ 93 በመቶ ገደማ ፀረ እንግዳ አካሉ ነበራቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል በሕይወታቸው ቫይረሱን አግኝተውታል። ቫይረሱን ገና ይዘው የታረዱት ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው። በሽታውን ወደ ሰው የሚያሻግሩት እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው።

መቼ ይያዛል የሚለውን የሚወስኑት ደግሞ ሰው የሚቆጣጠራቸው ነገሮች ናቸው። ከተለያዩ እናቶች የተወለዱ ግልገሎችን ደጋግሞ መቀላቀል ቫይረሱ ያለማቋረጥ አዲስ ማረፊያ እንዲያገኝ ያደርጋል። በአንዱ መንጋና በሚቀጥለው መካከል ጉረኖው በደንብ ካልጸዳ ፍጉ ውስጥ ይጠብቃል። የአሳማውን የመከላከል አቅም የሚያዳክሙ ሌሎች ቫይረሶችም አሉ። በተለይ የመራቢያና የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃው የአሳማ ቫይረስ አብሮ ከገባ ሄፓታይተስ ኢ በሰውነቱ የሚቆይበትን ጊዜ በብዙ እጥፍ ሊያራዝመው ይችላል። እንዲህ ያለው አሳማ ቫይረሱን ይዞ ቄራ የመድረስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የማያሻማው ማስረጃ መጀመሪያ የመጣው ከጃፓን ነው። በ2003 በታተመ ጥናት፣ በሆካይዶ ሄፓታይተስ ኢ ከያዛቸው 10 ሕሙማን 9ኙ ከመታመማቸው በፊት የአሳማ ጉበት በልተው ነበር። ጥብስ ወይም በቅጡ ያልበሰለ ጉበት ነው የበሉት። ተመራማሪዎቹ እዚያው በሱቅ የሚሸጥ ጥሬ የአሳማ ጉበት ገዝተው ሲመረምሩ ከ363 ጥቅሎች 7ቱ ውስጥ ቫይረሱን አገኙ። በዚያው ዓመት ሌላ የጃፓን ቡድን ጥሬ የአጋዘን ሥጋ በልተው የታመሙ ሰዎችን ተከታተለ። ከተበላው ተርፎ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ሥጋ ነበር። ሲፈተሽ ሥጋው ውስጥ ያለው ቫይረስና በሕሙማኑ ደም ያለው አንድ ዓይነት ሆነ። በረዶ ቫይረሱን እንደማያጠፋው ብዙዎች አያውቁም።

አሜሪካ ውስጥ በ2007 በታተመ ጥናት ከ127 ለሽያጭ የቀረቡ የአሳማ ጉበቶች 14ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። «የተገኘው የሞተ ቫይረስ ቅሪት ሊሆን ይችላል» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህም ከተገኙት የተወሰኑት ተፈጭተው ለጤነኛ አሳማዎች ተሰጡ። ከአሳማዎቹ የተወሰኑት ተያዙ። ቫይረሱ በሕይወት ነበር።

ከፈረንሳይ የመጡት ማስረጃዎች ደግሞ ችግሩ የት ላይ እንደሚከማች ያሳያሉ። ኮርሲካ ውስጥ ከአሳማ ጉበት የሚሠራ ፊጋቴሉ የሚባል ቋሊማ አለ። ብዙ ጊዜ ሳይበስል ይበላል። በ2010 በታተመ ጥናት በበሉት ሰዎች ላይ የተገኘው በሽታ ከቋሊማው ጋር ተያያዘ። በ2013 ደግሞ በአንድ ድግስ ላይ ሙሉ የአሳማ ግልገል ተጠብሶ ቀረበ። ሆዱ ውስጥ ጉበት ያለበት ሙሌት ነበር። 17 ሰዎች ተያዙ። አብዛኞቹ ምንም ምልክት አላሳዩም፤ ባይመረመሩ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ምርመራው ወደዚያው ሙሌት መራ። የውጪው ሥጋ በስሎ የውስጡ ሙቀት አልበቃውም ነበር።

«አብስሎ መብላት ነው እንግዲህ» ማለት ቀላል ነው። እውነትም ነው፤ ጉበትን በደንብ ማብሰል እስካሁን ያለን ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው። ግን «በደንብ» ማለት ስንት ነው? በ2012 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከተፈጨ ጉበትና ጮማ የተሠራ ምግብን በተለያየ ሙቀት ሞከሩት። ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት የምግቡ የውስጥ ክፍል 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ20 ደቂቃ መቆየት ነበረበት። ጮማው ቫይረሱን ሳይከልለው አይቀርም። በሌላ ሙከራ 56 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ቢቆይም አልጠፋም። ጉበትን ላይ ላዩን ጠበስ አድርጎ መኻሉን ለስለስ ብሎ እንዲቀር ማድረግ የለመደ ሰው ይህን መመዘኛ አያሟላም። ጨው ማድረግ፣ ማጨስና ማድረቅም ብቻቸውን አይታመኑም።

የምግቡ መንገድ ዋናው ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። የአሳማ ፍግ ወደ ማሳና ወደ ወንዝ ይገባል። በዚህ የተነሣ ቫይረሱ ዛጎል ለበስ በሆኑ የባሕር እንስሳት ውስጥ ተገኝቷል፤ በእንጆሪ ላይም ተገኝቷል። ስለዚህ አሳማ የማይበላ ሰውም ጨርሶ ከአደጋው ውጪ አይደለም። ከአሳማ ጋር የሚሠሩ ሰዎችም ይበልጥ ይጋለጣሉ። አሜሪካ ውስጥ በ2002 በታተመ ጥናት የአሳማ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካሉን የመያዝ ዕድላቸው ከደም ለጋሾች በ1.5 እጥፍ ይበልጣል።

ከዚያ ደም አለ። ምልክት ያላሳየ ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ደም ይለግሳል። በእንግሊዝ 225,000 ልገሳዎች ሲመረመሩ 79ኙ ቫይረሱ ነበረባቸው። ይህ ማለት በግምት ከ2,850 ልገሳ 1 ማለት ነው። ደሙን ከወሰዱት ውስጥ 43ቱን ተከታትለው ሲመረምሯቸው 18ቱ ተይዘዋል። ውጤቱ በ2014 ሲታተም ብዙ ሀገሮችን አነቃ። ብሪታንያና ኔዘርላንድስ፣ በ2020 ደግሞ ጀርመንና ጃፓን የደም ልገሳን ለዚህ ቫይረስ መመርመር ጀመሩ። አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። የደም ባንኮቹ የሚያጣሩት ከእርባታው የወጣውን ነው። ምንጩ አሁንም እርባታው ውስጥ ይፈልቃል።

ለአብዛኛው ሰው በሽታው ቀላል ነው። ብዙዎች ምንም አይሰማቸውም። የሚታመሙት ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከዚያም የዓይን መቢጨት ይታይባቸዋል። በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ከአሳማ በሚመጣው ዓይነት ይበልጥ የሚታመሙት በዕድሜ ገፋ ያሉ ወንዶች ናቸው። ነፍሰ ጡሮችን በብዛት የሚገድለው የውሃው ዓይነት ነው። በእርግዝናቸው የመጨረሻ 3 ወራት ከተያዙት እስከ 25 በመቶ የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከሄፓታይተስ ኢ ሁሉም ዓይነቶች 44,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ከዚህ አብዛኛው የውሃው ዓይነት ድርሻ ነው። ይህን ሳልል ብቀር የአሳማውን ጉዳይ ከልኩ በላይ ማጋነን ይሆንብኛል።

ይሁንና የአሳማው ዓይነት የራሱ የሆነ ክፉ ጠባይ አለው። ለረጅም ጊዜ ሄፓታይተስ ኢ ሥር አይሰድድም ይባል ነበር። በ2008 ከፈረንሳይዋ ቱሉዝ ከተማ የወጣ ጥናት ይህን አፈረሰው። ንቅለ ተከላ አድርገው ሄፓታይተስ ኢ ከያዛቸው 14 ሰዎች በ8ቱ ላይ በሽታው ሥር ሰደደ። እነዚህ ሰዎች አዲሱ አካላቸው እንዳይገፋ መከላከያቸውን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳሉ። በዚያ ላይ ቫይረሱ ሲቀመጥ ጉበታቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠባሳ ሊይዝና ሊጠነክር ይችላል። ኩላሊት ለማግኘት ዓመታት ጠብቆ በአንድ ሳህን ጉበት ሌላ አካሉን የሚያጣ ሰው መኖሩ ያሳዝነኛል፤ በተለይ መከላከል ይቻል ስለነበር። ሪባቪሪን የተባለው መድኃኒት ብዙዎቹን ያድናል። በ2014 በታተመ ጥናት ከ59 ሕሙማን 78 በመቶው ከቫይረሱ ነጽተዋል። የቀሩት ግን አልነጹም። ቫይረሱ ነርቭን የሚነካባቸው ሰዎችም አሉ። ጊያን ባሬ የሚባለውን የሰውነት መዛል እና የትከሻና የክንድ ነርቭ ሕመምን ሊያስከትል ይችላል።

ችግሩን ይበልጥ የሚሸፍነው ደግሞ ጊዜው ነው። አንድ ሰው ከተያዘ በኋላ እስኪታመም ከ2 እስከ 10 ሳምንት ይወስዳል። ከ6 ሳምንት በፊት በአንድ ማክሰኞ ምን በላችሁ ብትባሉ ማን ያስታውሳል? የተበላውም ጥቅል ከተጣለ ቆይቷል። በዚህ ላይ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መድኃኒት ወይም መጠጥ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ብዙ ክኒን ስለሚወስድ የጉበቱ ጉዳት በክኒኑ ይመካኛል። እንዲህ የተባለላቸው ሰዎች ደም እንደገና ሲመረመር የተወሰኑት ሄፓታይተስ ኢ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የጉበት ኢንዛይሙ ከፍ ያለ ሰው የትም ባይጓዝ እንኳ ለሄፓታይተስ ኢ መመርመር አለበት። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ለውጥ ነው።

በአውሮፓ በ10 ዓመት ውስጥ ከ21,000 በላይ ሕሙማን እንደተመዘገቡ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2017 አስታውቋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ 10 እጥፍ ጨምሯል። ከፊሉ ጭማሪ ምርመራው ስለተስፋፋ ነው። ድንበርም አላቆመውም። በብሪታንያ ሕሙማን ላይ በብዛት የሚገኘው የቫይረስ ንዑስ ዓይነት በሀገሪቱ አሳማዎች ላይ ከሚገኘው የተለየ ነው። ከተቀረው አውሮፓ በሚገባ የአሳማ ሥጋ የመጣ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው። አንድ ሀገር እርባታዋን ብታጸዳ እንኳ በገበያ በኩል ተመልሶ ይገባባታል።

ታዲያ ምን ተደረገ? ጃፓን በ2015 ምግብ ቤቶች ጥሬ የአሳማ ጉበትና ሥጋ እንዳያቀርቡ ከለከለች። ፈረንሳይ ጥሬ ጉበት ያለባቸው ምርቶች በደንብ ይብሰሉ የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍባቸው አደረገች። ክትባትም አለ። ቻይና ሄኮሊን የተባለውን ክትባት በ2011 ፈቅዳለች። ከ110,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። በ2022 በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ በወረርሽኝ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጥቷል። ለሰው የተሠራ ነው። ለአሳማ ግን በገበያ ላይ የሚሸጥ ክትባት የለም። ምክንያቱ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ይመልሰናል፤ ትርፉን የማይጨምርለትን መርፌ የሚገዛ አርቢ አይገኝም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ እነዚህ ሁሉ እርምጃዎች የሚጀምሩት ከእርባታው ውጪ ነው። ሳህኑ ላይ፣ ጥቅሉ ላይ፣ የደም ከረጢቱ ላይ። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቫይረሱ የሚዛመተው ግልገሎች በሚቀላቀሉበት መንገድ፣ ጉረኖ በሚጸዳበት መንገድና በእርድ ዕድሜ ነው። ሦስቱንም የሚወስነው አምራቹ ነው። ግልገሎችን ባለመቀላቀል፣ ሌሎቹን የአሳማ ቫይረሶች በመቆጣጠር፣ በየመንጋው መካከል ጉረኖውን አጽድቶ ባዶ በማቆየት ቫይረሱን ይዘው የሚታረዱ አሳማዎችን ቁጥር መቀነስ ይቻላል።

ከቫይረሱ ነጻ የሆነ አሳማ ማርባት አይቻልም የሚባል ከሆነ ደግሞ መልስ አለ። አካላቸው ለሰው ንቅለ ተከላ እንዲውል የሚረቡ አሳማዎች አሉ። እነሱ በጥብቅ ንጽሕና ያድጋሉ፣ ለሄፓታይተስ ኢም ይመረመራሉ። ይህን ሁሉ ለሥጋ በሚውል አሳማ ላይ ማድረግ ከባድ ነው፤ አልጠይቅምም። ሳይበስል ወይም በትንሹ ተሞቆ ለሚበላ ምርት የሚገባውን ጉበት ግን ገና ከመፈጨቱ በፊት መመርመር ይቻላል። መመርመሪያው አለ። ከብዙ እንስሳ የተሰበሰበ ጉበት አንድ ላይ ስለሚፈጭ አንዱ ብቻ የተያዘ ቢሆን ሙሉው ምርት ይበከላል፤ ስለዚህ ምርመራው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚያው ላይ ነው። ወጪውን መሸፈን ያለበትም ጉበቱን ገዝቶ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ የሚሸጠው ነው።